የአሥራ አምስት በመቶው ቅሬታ

«አንድ ጥላ» የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን
የማሳ ልየታ አስተባባሪ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዲላ፣ የዩኒየኑ ጽሕፈት ቤት፣ የቀድሞው የጆንያ መጋዘን። አዳራሹ «ውጤታማ የስብሰባ አመራር» ለተባለ ሥልጠና ተይዟል።
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00። የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡20።

የተገኙ አባላት
1. አቶ አምሃ፣ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
2. አቶ ደመላሽ፣ የሒሳብና ንብረት ተጠሪ
3. ወ/ሮ ሥርጉት፣ የሕዝብ ግንኙነት ተጠሪ
4. አቶ ሽብሩ፣ የአርሶ አደሮች ተወካይ፣ ከሬኮ

ያለ ድምፅ የተገኙ
5. ወ/ሪት ሔርሜላ፣ የልየታ ቡድን መሪ፣ ትንበያውን ለማስረዳት
6. ሲላስ፣ የልየታ ቡድን አባል፣ ለዛሬ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት ፍስሐ ገነት ከተማ ለቅሶ ላይ ናቸው። አንድ አባል ሲደወልላቸው «መንገድ ላይ ነኝ» ብለዋል። የትኛው መንገድ እንደሆነ አልገለጹም።

ምልዓተ ጉባኤ

ከሰባት አባላት አራቱ ተገኝተዋል። ሰብሳቢው ይህ ስንት በመቶ እንደሚሆን ወ/ሪት ሔርሜላን ጠይቀው ሃምሳ ሰባት መሆኑ ተነገራቸው። አቶ ደመላሽ ከግማሽ ያለፈ ነገር ሁሉ እንደ ሙሉ እንደሚቆጠር አስታወሱ። ሐሳቡ ያለ ክርክር አለፈ። በዛሬው ውሎ ያለ ክርክር ያለፈ ሌላ ሐሳብ የለም።

የጸሐፊ ምርጫ

ቋሚዋ ጸሐፊ አዳራሹ ውስጥ እየሠለጠኑ ነው። ሲላስ የወ/ሪት ሔርሜላን ላፕቶፕ ተሸክሞ የመጣ በመሆኑና ብዕር ይዞ በመገኘቱ ተመረጠ። ሰብሳቢው የተባለውን ብቻ እንዲጽፍ፣ ያልተባለውን እንዳይጽፍ አሳሰቡት። ጸሐፊው እሺ አለ።

የጥቅም ግጭትን ስለማሳወቅ

ሰብሳቢው በአሠራሩ መሠረት ዛሬ የሚወሰነው ነገር ጥቅሙን የሚነካበት ሰው ካለ እንዲያሳውቅ ጠየቁ። ጸሐፊው እጁን አወጣ።

ጸሐፊው ያሳወቀው የሚከተለውን ነው። የስድስቱ የልየታ ሠራተኞች ውል ጥቅምት 30 ያበቃል። ውሉ የሚታደሰው ኮሚቴው ዛሬ ለቡና ገዢው ድርጅት በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ «ሥራው ያልቃል» ብሎ እስከሚያስቀምጠው ቀን ድረስ ነው። ያ ቀን ሲደርስ ሥራው አለቀም አላለቀም ውሉ ያበቃል። ጸሐፊው ከስድስቱ አንዱ ነው። በመስከረም ለኤልቤቴል አባት ሽማግሌ ልኳል። ሠርጉ ለጥር 24 ታስቧል። አባትየው አልከለከሉም፤ «ልጁ ጥር ላይ ሥራ ይኖረዋል ወይ» ብለው ብቻ ጠይቀዋል። መልሱን የሚፈልጉት የፊታችን እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ ነው። እሑድ ጥቅምት 30 ነው።

አቶ ሽብሩ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። የፍስሐ ገነቱ መምህር ልጅ መሆኗ ተነገራቸው። «ደህና ቤት ነው» አሉ። ይመዝገብ ተባለ። ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው ነገሩን ከመረመሩ በኋላ፣ ጸሐፊ የሚጽፈው ሌሎች የሚሉትን ስለሆነ የራሱ ጥቅም ሊኖረው እንደማይችል ወስነው ወደ አጀንዳው ተገባ።

አጀንዳ 1፦ ትንበያውን ማድመጥ

ሰብሳቢው መነሻውን አስረዱ። ውጭ ያለው ገዢ ድርጅት የእያንዳንዱን አርሶ አደር የቡና ማሳ ካርታ ይፈልጋል። በሬኮና በገደብ ዙሪያ ያልተለኩ ማሳዎች ቀርተዋል። ድርጅቱ መቼ እንደሚያልቁ በደብዳቤ ጠይቋል፤ መልሱ ዛሬ መላክ አለበት። ለገደብ ቡድን ባለፈው ዓመት የተሰጠው ቀን ነሐሴ ላይ ደርሶ ሥራው ሳያልቅ ቡድኑ መሰናበቱን ሰብሳቢው እንደ ምሳሌ ጠቀሱ። የምን ምሳሌ እንደሆነ አላብራሩም። ከተሰናበቱት አንዱ ሙሌ ነው። ገደብ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ጸሐፊው መናኸሪያ አካባቢ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እናንተ አላችሁ?» ብሎ ነው።

ወ/ሪት ሔርሜላ ቀጠሉ። ሥራው በየማሳው ዙሪያ ስልክ ይዞ በእግር መዞር ነው። አንድ ሳምንት ይሮጣል፣ አንድ ሳምንት ይጎተታል። ስለዚህ «በዚህ ቀን ያልቃል» ማለት አይቻልም፤ በዚህ ቀን የማለቁ ተስፋ ስንት እንደሆነ ማለት ግን ይቻላል። አካሄዱን ሲያስረዱ፣ ባለፉት ወራት በየሳምንቱ የተለካው የማሳ ብዛት በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ኮፍያ ውስጥ እንደገባ እንዲታሰብ ጠየቁ። ለሚመጣው ሳምንት አንድ ዕጣ ይወጣል፣ ይነበባል፣ ተመልሶ ይገባል። ለሚቀጥለውም እንዲሁ። የቀሩት ማሳዎች እስኪያልቁ። ይህ አንድ ዙር ነው። ኮምፒዩተሩ አሥር ሺህ ዙር ያስኬዳል።

አቶ ደመላሽ እዚህ ላይ አቋረጡ። የሠፈራቸውን ዕቁብ ለብዙ ዓመት በሰብሳቢነት መምራታቸውን አስታውሰው፣ የወጣ ዕጣ ተመልሶ ኮፍያ ውስጥ ሲገባ አይተው እንደማያውቁ፣ በእሳቸው ዕቁብ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር በፖሊስ እንደሚጠየቅ ገለጹ። ወ/ሪት ሔርሜላ ይህ ዕቁብ አለመሆኑን፣ መጥፎ ሳምንት አንድ ጊዜ ስለመጣ ዳግመኛ አይመጣም ማለት እንዳልሆነ መለሱ። አቶ ደመላሽ፣ «እህቴ፣ ዕጣ ዕጣ ነው» አሉ።

ቀጥለውም ቡድኑ አሥር ሺህ ጊዜ ሬኮ ደርሶ ከተመለሰ ነዳጁ በማን ፊርማ እንደወጣ ጠየቁ። ማንም እንዳልሄደ ተነገራቸው። «ካልሄዱ ታዲያ በምን አወቁ?» አሉ። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ረጅም ነበር። ከመልሱ በኋላ ያው ጥያቄ ተደገመ።

አቶ ሽብሩ፣ «በዚች ኮምፒዩተር ውስጥ አሥር ሺህ ሔርሜላ አለች ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሪት ሔርሜላ እንደዚያ ሊታሰብ እንደሚችል መለሱ። አቶ ደመላሽ አንዷም እንዳልተቻለች ተናገሩ። ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቀው ነበር፤ በድምፅ ብልጫ እንዲቆይ ሆነ።

ውጤቱ ተነበበ። ከአሥር ሺው ዙር አምስት ሺው እስከ ታኅሣሥ 15 አልቀዋል። ስምንት ሺህ አምስት መቶው እስከ ጥር 30 አልቀዋል። የተቀሩት አንድ ሺህ አምስት መቶ ዙሮች ጥር 30ም አልበቃቸውም። ስለዚህ ታኅሣሥ 15 ሃምሳ በመቶ፣ ጥር 30 ሰማንያ አምስት በመቶ እርግጠኝነት አላቸው። ወ/ሪት ሔርሜላ ደብዳቤው ላይ ጥር 30 እንዲጻፍ ጠየቁ።

ጸሐፊው «ጥር 30» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፎታል። አንዱ ተሰርዟል።

በዚህ ጊዜ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። አቶ ደመላሽ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቁጥር አይተው፣ ቅድም ሰማንያ አንድ የነበረው አሁን ሰባ ስምንት መሆኑን፣ ብዙ በተወራ ቁጥር እርግጠኝነቱ እየወረደ መሆኑን አሳስበው ፈጥኖ እንዲወሰን ጠየቁ። የባትሪው ቁጥር መሆኑ ተነገራቸው። ማሳሰቢያቸው ግን በመርሕ ደረጃ ትክክል እንደሆነ ሰብሳቢው አረጋገጡላቸው።

አጀንዳ 2፦ ቀን መወሰን

ወ/ሮ ሥርጉት፣ ሰማንያ አምስት በመቶ ማለት ከማሳዎቹ ሰማንያ አምስት በመቶው ይለካል ማለት ከሆነ፣ የቀሩት አርሶ አደሮች ለምን እንደሚገለሉ ጠየቁ። ወ/ሪት ሔርሜላ እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ሁሉም ማሳዎች በዚያ ቀን ተለክተው የማለቃቸው ዕድል እንደሆነ አስረዱ። ወ/ሮ ሥርጉት ይህን ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ጨመሩ። «የማጠናቀቂያ በዓል፣ ታኅሣሥ 15» የሚል ባነር ታትሞ እንግዳ መቀበያው ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቀኑ ገና ሳይወሰን ለምን እንደታተመ ሲጠየቁ፣ ማተሚያ ቤቱ ከበዓላት በፊት ስለሚጨናነቅ መሆኑን ገለጹ።

ሰብሳቢው በርእሰ መምህርነት ዘመናቸው ያካበቱትን ልምድ አካፈሉ። ሰማንያ አምስት ያመጣ ተማሪ ያልፋል። ሃምሳ ያመጣም ያልፋል። የማለፊያ ነጥብ ሃምሳ ነው። ሁለቱም ካለፉ፣ ቶሎ የሚጨርሰውን ትቶ የሚዘገየውን መምረጥ ለምን?

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ አንድ፦ ታኅሣሥ 15 የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ስለሆነ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

ወ/ሪት ሔርሜላ በውሳኔው ላይ የመናገር ዕድል ጠየቁ። ድምፅ ስለሌላቸው እንደ ማብራሪያ እንዲሆን ተፈቀደ። ሃምሳ በመቶ ማለት ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደሚሆን መጠበቅ እንደሆነ አስረዱ። «የስድስት ሰው እንጀራ በሳንቲም አይወረወርም» አሉ። ይህ ቃል በቃል እንዲመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል። ሰብሳቢው «ስሜት አይግባበት» አሉ። ይህም ተመዝግቧል።

አቶ ደመላሽ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሪት ሔርሜላ ሰማንያ አምስቱን ይፈልጋሉ። ኮሚቴው ታኅሣሥ 15ን ይፈልጋል። ሁለቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ቢሰጥ መግባባት ይቻላል።

ውሳኔ ሁለት፦ የሰማንያ አምስቱ እርግጠኝነት ከታኅሣሥ 15 ጋር ተደርቦ ይጽደቅ።

ወ/ሪት ሔርሜላ ሁለቱ እንደማይለያዩ፣ ቀኑ ቀደም ከተደረገ እርግጠኝነቱ እንደሚወርድ፣ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ እንደማይቻል ተናገሩ። ሰብሳቢው ውሳኔው ለኮምፒዩተሩ እንዲነገረው አዘዙ። ወ/ሪት ሔርሜላ ታኅሣሥ 15 ብለው ጻፉ። ሃምሳ አለ። እንደገና እንዲጽፉ ታዘዙ። ሃምሳ አለ። አቶ ደመላሽ ገበያ ላይ ሲሆን ሦስተኛው ጥሪ ላይ ዋጋ እንደሚቀንስ ነግረዋቸው እንደገና ተጻፈ። አርባ ዘጠኝ አለ፤ ዕጣው በየጊዜው ስለሚወጣ ጥቂት እንደሚለዋወጥ ተብራራ። ሰብሳቢው ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ወደ ታች መውረዱን እንደ ንቀት ቆጠሩት።

በዚህ አጀንዳ እስካሁን ያልተናገሩት አቶ ሽብሩ እዚህ ላይ ተነሱ።

አቶ ሽብሩ፣ ሽማግሌዎች ነገር በሚፈቱበት ሶንጎ የተቀመጠ ሰው ያያቸው ነገሮች እንዳሉ ተናገሩ። በሶንጎ እጅ አይቆጠርም። ስምንት ሺው እሺ ቢል፣ እንቢ ያለው ሳይሰማ ጉባኤው አይነሳም። «እነዚያ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዎች አላለቀም ያሉት ለምንድን ነው? ማን ጠየቃቸው? ቅሬታ ያለው ሰው ዝም ብሎ ከተሸኘ ማታ ቤትህ ይመጣል።»

ወ/ሪት ሔርሜላ ሰዎች ሳይሆኑ ዙሮች መሆናቸውን ገለጹ። አቶ ሽብሩ፣ «ልጄ፣ አንቺ ራስሽ አሥር ሺህ ነኝ ብለሻል» አሉ።

ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ። በቃለ ጉባኤ ዝናብ አይመዘገብም።

ውሳኔ ሦስት፦ የአሥራ አምስት በመቶው ቅሬታ ይሰማ።

ወ/ሪት ሔርሜላ ያላለቁትን ዙሮች ከፈቱ። ይህን ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ በፊት የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ደስ ያላቸው ይመስላል። ዙሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ነገሩ ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ፤ በሁሉም ውስጥ ሦስት መጥፎ ሳምንታት ደጋግመው ወጥተዋል። አንደኛው መኪናው ከሬኮ በታች ጭቃ ውስጥ የቀረበት ሳምንት ነው። ሁለተኛው ኔትወርክ የጠፋበት ሳምንት ነው። ሦስተኛው የለቅሶው ሳምንት ነው። ወ/ሪት ሔርሜላ ይህ የሚያሳየው መጥፎ ሳምንት እንደሚኖር አውቆ ጊዜ መተው እንደሚያስፈልግ ነው አሉ።

አቶ ደመላሽ ይህ የሚያሳየው ሌላ ነገር እንደሆነ ተናገሩ። ጥፋተኞቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ታውቀዋል። ለምን ከኮፍያው አይወጡም? በተጨማሪም ይህ እርምጃ የወጣ ዕጣ አይመለስም ከሚለው ከቀደመ አቋማቸው ጋር የሚስማማ መሆኑን ጠቆሙ።

ወ/ሪት ሔርሜላ ይህ ራስን ማታለል እንደሆነ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ተቃውሞው ተሰምቷል አሉ። ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለዜሮ፤ አቶ ሽብሩ ውይይቱ ስለ ምን እንደሆነ ገና እያጣሩ ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

ውሳኔ አራት፦ ሦስቱ ሳምንታት ከኮፍያው ይውጡ።

ወ/ሪት ሔርሜላ አወጧቸው። ጥቂት ተጠበቀ። ታኅሣሥ 15 ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ሆነ።

ተጨበጨበ። ወ/ሮ ሥርጉት ባነሩ ተዘርግቶ እንዲታይ ጠይቀው ሊያመጡት ወጡ። ሰብሳቢው ይህ ውጤት የኮሚቴው የጋራ ጥረት ፍሬ መሆኑን፣ ከሃምሳ ተነስቶ ዘጠና ዘጠኝ መድረስ በአጭር ጊዜ ውስጥ የታየ ዕድገት መሆኑን ገለጹ። አቶ ደመላሽ አንዱ በመቶ የት እንደቀረ ጠየቁ።

ጸሐፊው ታኅሣሥ 15 ከጥር 24 በስንት ሳምንት እንደሚቀድም ማሰብ ጀመረ። ተወው።

ወ/ሮ ሥርጉት ባነሩን ይዘው ሲመለሱ አቶ ሽብሩን ቆመው አገኟቸው። የሚከተለው ምልልስ እንደተነገረው ተጽፏል።

አቶ ሽብሩ፦ «የለቅሶው ሳምንት ያላችሁት የማን ለቅሶ ነው?»

ወ/ሪት ሔርሜላ፦ «ሐምሌ ላይ ነው፣ አባባ። ሬኮ።»

አቶ ሽብሩ፦ «የወንድሜ?»

ወ/ሪት ሔርሜላ፦ «አዎ።»

አቶ ሽብሩ፦ «ከኮፍያው ስታወጪው ታዲያ ወንድሜ የት ገባ?»

አቶ ደመላሽ፦ «ጋሽ ሽብሩ፣ እሳቸውን አላወጣንም፤ ሳምንቱን ነው ያወጣነው።»

አቶ ሽብሩ፦ «ያ ሳምንት ከሌለ ማን ቀበረው?»



ያ ሳምንት ነበር። አገር ሁሉ እዚያ ነበር። ማሳው ባለቤት አልነበረውም፤ ባለቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። በተቀመጠ ሰው ማሳ ስልክ ይዞ መዞር ነውር ስለሆነ ቡድኑም አብሮ ተቀመጠ። ጸሐፊው ከትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ አምጥቷል። በዚያ ሳምንት የተለካው ማሳ ዜሮ ነው። ቁራጩ ወረቀት ላይ የተጻፈው ዜሮ ይህ ሁሉ ነው። ይህ አንቀጽ በስብሰባው ያልተነገረ ስለሆነ በሰብሳቢው ትእዛዝ ይሰረዛል። እስካሁን አልታዘዘም።

ሰብሳቢው ኮሚቴው በወቅቱ የተሰማውን ሐዘን በድጋሚ እንደሚገልጽ ተናገሩ። ወ/ሮ ሥርጉት ደብዳቤው ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ሟቹን የሚዘክር ማስታወሻ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ደመላሽ ሰው በየዓመቱ እንደማይሞት፣ የአቶ ሽብሩ ወንድም ደግሞ አንድ ጊዜ ሞተው ስለጨረሱ ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ መግባታቸው ለራሳቸውም ክብር እንዳልሆነ አስረዱ።

አቶ ሽብሩ የሚከተለውን ተናግረዋል። «ደመላሽ፣ እኔም አንድ ቀን እሞታለሁ። አንተም ትሞታለህ። ያን ጊዜ እነዚህ ልጆች መጥተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ነው በዕጣው ውስጥ ያለው። እኔ እዚህ ላይ አልፈርምም።»

አቶ ሽብሩ ካልፈረሙ ሦስት ፊርማ ብቻ እንደሚቀር፣ ይህም ከሰባት ውስጥ ግማሽ እንደማይሞላ ታወቀ። ከግማሽ በታች የሆነ ነገር እንደ ምን እንደሚቆጠር አቶ ደመላሽ ሲጠየቁ ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠየቁ።

ውሳኔ አምስት፦ የለቅሶው ሳምንት ከአክብሮት ጋር ወደ ኮፍያው ይመለስ፤ የጭቃውና የኔትወርኩ ሳምንታት ግን እንደወጡ ይቅሩ።

ወ/ሪት ሔርሜላ መለሱት። ሰባ አንድ ሆነ። ሰብሳቢው ሰባ አንድም ጥሩ ውጤት መሆኑን ገልጸው ሊዘጉት ሲሉ አቶ ሽብሩ አልተቀመጡም። ጭቃው የቱ እንደሆነ ጠየቁ። ከሬኮ በታች፣ ድልድዩ ጋ፣ ሰኔ ላይ እንደሆነ ተነገራቸው። እዚያ ቦታ በየዓመቱ ጭቃ እንዳለ፣ ያን ጭቃ ኮሚቴው በውሳኔ ማውጣት የሚችል ከሆነ እስካሁን ለምን እንደዘገየ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለወረዳው መንገድ ተጠሪዎች እንዲመራ ታዘዘ። መሸኛ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ አልተወሰነም።

ውሳኔ ስድስት፦ ሁሉም ሳምንታት ይመለሱ።

ሃምሳ ሆነ።

ባነሩ በዚህ ጊዜ በሁለት ወንበሮች መካከል ተዘርግቶ ነበር። ማንም እንዲጠቀለል አላዘዘም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የምሳ ሰዓት በመድረሱ ሰብሳቢው ጉዳዩን ወደ ማጠቃለያ መሩት። ታኅሣሥ 15 ቢጻፍ፣ ባያልቅ ኮሚቴው ይጠየቃል። ጥር 30 ቢጻፍ፣ ገዢው «ለምን ዘገየ» ብሎ ይጠይቃል፤ ባነሩም ይባክናል። ሳምንታት ቢወጡ አቶ ሽብሩ አይፈርሙም። በሦስቱም በኩል የቀረው ነገር ወይ ሃምሳ ወይ ሰማንያ አምስት ነው። ኮሚቴው ከመቶ በታች በሆነ እርግጠኝነት ላይ ፊርማውን የሚያኖርበት ምክንያት የለም። ትንበያው መቶ በመቶ የሚሆንበት አንድ ቀን ብቻ እንዳለ ከወ/ሪት ሔርሜላ ማብራሪያ መረዳታቸውን ገለጹ፤ እርሱም ሥራው ያለቀበት ቀን ነው። ወ/ሪት ሔርሜላ እንደዚያ አላልኩም አሉ። ሰብሳቢው ስህተት እንደሆነ ጠየቋቸው። ወ/ሪት ሔርሜላ ጥቂት አስበው ስህተት እንዳልሆነ አመኑ።

በሙሉ ድምፅ የሚከተለው ተወስኖ አራቱም አባላት ፈረሙ።

ውሳኔ ሰባት፦ ከአንድ እስከ ስድስት የተወሰኑት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። የሥራው ማለቂያ ቀን ሥራው እንዳለቀ በመቶ በመቶ እርግጠኝነት ይወሰናል። ለገዢው ድርጅት «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል ደብዳቤ ይላክ።

ወ/ሪት ሔርሜላ ውሉ የሚታደሰው እስከተወሰነው ቀን ድረስ መሆኑን አስታውሰው፣ ቀን ካልተወሰነ ስድስቱ ሰዎች ከጥቅምት 30 በኋላ ምን እንደሚሆኑ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ነገር ግን ቀን ስለሌለ «እስከ» የሚለው ቃል የሚያርፍበት ቦታ እንደሌለው፣ ስለዚህ ውሉ ለጊዜው ሊታደስም ሊቋረጥም እንደማይችል፣ በራሱ ጊዜ ብቻ እንደሚያበቃ አስረዱ። ቡድኑ እስከዚያው ሥራውን በበጎ ፈቃድ ስሜት እንዲቀጥል ምስጋና ቀረበለት። ወ/ሪት ሔርሜላ ላፕቶፑን ዘጉ።

አቶ ሽብሩ ጸሐፊውን አዩት። እሑድ ፍስሐ ገነት አብረውት ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። «መምህሩን አውቃቸዋለሁ። ልጁ ወንበር የሚሸከም ልጅ ነው እላቸዋለሁ።» ጸሐፊው አመሰገነ፤ «ጥር ላይ ሥራ ይኖረዋል ወይ» ብለው ቢጠይቋቸው ምን እንደሚሉ ጠየቃቸው። አቶ ሽብሩ ዱላቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። ዛሬ የፈረሙት ፊርማ የልጆቹን ሥራ የሚያስቆም እንደሆነ አለማወቃቸውን ተናገሩ። ፊርማው መመለስ ይችል እንደሆነ ሰብሳቢውን ጠየቁ። አይመለስም ተባሉ።

ጸሐፊው ድምፅ ባይኖረውም አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። ኮሚቴው ከእሑድ በፊት እንደገና ይሰበሰብ እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው ኮታቸውን እየለበሱ ነበር። «በእርግጠኝነት» አሉት። ስንት በመቶ እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡05 ተበተነ። መብራት አልመጣም።

የአባላት ፊርማ፦ አራት።

ቃለ ጉባኤውን የያዘው፦ ሲላስ፣ ጸሐፊ፣ እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.